ብረትና ዚንክ በሕፃናት እድገትና ደም ጤና ላይ ያላቸው ሚና፦ ከአሳማ ግልገል ምርምር እስከ ሳንጃ

መግቢያ

የሕፃናት የደም ማነስና የእድገት መቀንጨር በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የኅብረተሰብ ጤና ችግሮች መካከል ግንባር ቀደም ስፍራ የያዙ ናቸው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ነበረባቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 38 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ ችግሮች ድህነትንና የምግብ እጥረትን የመሳሰሉ የጋራ መነሻዎች ስላሏቸው፣ አንዱን የሚያክም ሌላውንም አብሮ ያክማል የሚል ግምት በቀላሉ ያድራል።

የዚሁ ጥናት የአማራ ክልል ውጤት ግን ይህን ግምት አይደግፍም። በክልሉ የደም ማነስ ያለባቸው ሕፃናት 42 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህ በዚያን ጊዜ ከክልሎች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። የመቀንጨሩ መጠን ግን 46 በመቶ በመሆኑ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ደምን የሚጠብቀውና ቁመትን የሚያሳድገው ንጥረ ምግብ አንድና ያው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ተቃራኒ ውጤት ባልታየ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብረትና ዚንክ በደምና በእድገት ላይ የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ሁኔታ እንደሚጠቅሙና በየትኛው ሁኔታ እንደማይጠቅሙ ወይም እንደሚጎዱ ማብራራት ነው። ለዚህም በቅድሚያ በእንስሳት ላይ የተገኘው እውቀት፣ ቀጥሎም በሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በመጨረሻም እንደ ሳንጃ ባለ አካባቢ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሊከተለው የሚገባው አሠራር ይቀርባል።

የአሳማ ግልገል ያስተማረው

አሳማ በሰሜን ጎንደር የማይረባ፣ በሃይማኖትና በባህል ምክንያትም ሥጋው የማይበላ እንስሳ ነው። በሥነ ምግብ ምርምር ግን ከፍተኛ ቦታ አለው። እንደ ሰው ባለ አንድ ጨጓራ በመሆኑ፣ እህልም ሥጋም ስለሚመገብና አንጀቱ ንጥረ ምግብን የሚቀበልበት መንገድ ከሰው ጋር ስለሚቀራረብ፣ በሕፃናት ላይ ሊሞከሩ የማይችሉ ጥያቄዎች በአሳማ ግልገል ላይ ተመርምረዋል።

የአሳማ ግልገል ሲወለድ በሰውነቱ ያለው ብረት 50 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። እድገቱ እጅግ ፈጣን በመሆኑ በየቀኑ ከ7 እስከ 16 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልገዋል፤ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው ግን በቀን 1 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ይዞት የተወለደው ክምችት በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ያልቃል። በሜዳ የሚያድግ ግልገል ጉድለቱን አፈር በመቆፈር ያሟላል። በሲሚንቶ ወለል ላይ በተሠራ ቤት የሚያድገው ግን ይገረጣል፣ ያለከልካል፣ ክብደት መጨመር ያቆማል፤ አንዳንዱም ድንገት ይሞታል። ማክጎዋንና ክራይተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1923 እና በ1924 በስኮትላንድ ባሳተሟቸው ጽሑፎች የዚህ በሽታ ምክንያት የብረት እጥረት መሆኑን አመለከቱ። ዛሬ በአሳማ እርባታ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ብረት በመርፌ መስጠት የተለመደ አሠራር ነው። በዚህ ሕክምና የግልገሉ ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ ክብደቱም አብሮ ይጨምራል።

ከዚህ ምሳሌ ሊወሰድ የሚገባው ዋናው ነጥብ የግልገሉ ችግር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ወተት፣ ሙቀትና ንጽሕና ተሟልቶለት የጎደለው ብረት ብቻ ስለሆነ፣ ብረት ሲሰጠው ደሙም እድገቱም በአንድነት ይስተካከላሉ።

ሌሎች ምርምሮች ይህን ነጥብ ይበልጥ ግልጽ አድርገዋል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ በተካሄዱ ጥናቶች፣ መዳብ የጎደላቸው ግልገሎች ብረት ቢያገኙም የደም ማነስ ይይዛቸው ነበር። ብረቱ በጉበትና በአንጀት ግድግዳ ተከማችቶ ይቀራል እንጂ ወደ መቅኒ ደርሶ ደም አይሠራም ነበር። በ1955 ደግሞ ተከር እና ሳልመን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ እድገታቸው የተገታና ቆዳቸው የተሰነጣጠቀ አሳማዎች ዚንክ ሲሰጣቸው እንደሚድኑ አሳዩ። በእነዚህ እንስሳት ላይ እድገትን የገታው የብረት ሳይሆን የዚንክ እጥረት ነበር። በሌላ በኩል፣ በቫይታሚን ኢ እጥረት ላይ ያሉ ግልገሎች መደበኛውን የብረት መርፌ ሲወስዱ ሊመረዙና ሊሞቱ እንደሚችሉ ታውቋል።

በአጭሩ፣ ተጨማሪ ንጥረ ምግብ የሚጠቅመው በእርግጥ የጎደለውን ሲተካ፣ ሰውነት ሊቀበለውና ሊጠቀምበት ሲችል፣ መጠኑም ልክ ሲሆን ነው።

ብረት፣ ዚንክና የሕፃናት እድገት

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ይዞት የሚወለደው የብረት ክምችት ከ4 እስከ 6 ወር ያህል ያገለግለዋል። እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ዘግይቶ ሲቆረጥ ክምችቱ ይጨምራል። ዝቅተኛ ክብደት ይዞ የተወለደ ሕፃን ግን ክምችቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀድሞ ያልቅበታል። ከ6 ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን የሕፃኑን የብረት ፍላጎት ማሟላት አይችልም፤ ጉድለቱ ከተጨማሪ ምግብ መገኘት አለበት።

ብረት በአብዛኛው በቀይ የደም ሴል ውስጥ በሄሞግሎቢን መልክ ይገኛል። ከዚህም በላይ ለአንጎል እድገትና ለጡንቻ ሥራ ያስፈልጋል። የብረት እጥረት ላለበት ሕፃን ብረት መስጠት ሄሞግሎቢኑን ከፍ እንደሚያደርግ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። በቁመት ላይ ያለው ውጤት ግን የተለየ ነው። በ2006 የታተመ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ብረት ለሕፃናት መስጠት በክብደትም ሆነ በቁመት ላይ ጉልህ ለውጥ እንደማያመጣ አሳይቷል። በ1994 ከኢንዶኔዥያ የወጣ ጥናት ደግሞ፣ የብረት እጥረት የሌለባቸው ከ12 እስከ 18 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት ለ4 ወራት ብረት ሲሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ የክብደት ጭማሪያቸው ያነሰ መሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ ብረት የደም መድኃኒት እንጂ አጠቃላይ የእድገት መድኃኒት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ዚንክ ለሴል መራባት፣ ለምግብ ፍላጎትና ለበሽታ መከላከል ችሎታ አስፈላጊ ነው። በዚህ ረገድ በኢትዮጵያ የተካሄደ አንድ ጥናት በዓለም አቀፍ ደረጃ በስፋት ተጠቅሷል። በአርሲ ዶዶታ ሲሬ ወረዳ በጡት ላይ ያሉ ከ6 እስከ 12 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ወር ተሰጣቸው። በ2000 በላንሴት መጽሔት የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ቀድሞ ከቀነጨሩት መካከል ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7.0 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ ያላገኙት 2.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ አደጉ። በሳል፣ በተቅማጥና በትኩሳት የመያዛቸው መጠንም ቀንሶ ነበር። በሌሎች አገሮች የተገኘው አማካይ ውጤት ከዚህ ያነሰ ነው። ይህም እጥረቱ በጠነከረበት ቦታ ጥቅሙ እንደሚጎላ፣ እጥረት በሌለበት ደግሞ እንደሚደበዝዝ ያሳያል።

በምግብ ውስጥ መኖርና ወደ ደም መግባት

በኢትዮጵያ የብረት ጉዳይ የራሱ የሆነ ታሪክ አለው። ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተመው ጥናት ጤፍ የሚመገቡ ኢትዮጵያውያን በቀን የሚያገኙት የብረት መጠን እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ገልጾ ነበር። ይሁን እንጂ በ1980 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ምርምር፣ በጤፍ ውስጥ ይለካ የነበረው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በውቂያ ጊዜ ከአፈር የሚቀላቀል መሆኑን አስረዳ። የአፈር ብረት በላቦራቶሪ ቢለካም ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

በእህል ውስጥ ያለው ብረትና ዚንክም ቢሆን ፋይቴት በሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚያዝ አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም። በአሳማ መኖ ውስጥ ፋይቴትን የሚሰብር ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚጨመረው ስለዚሁ ነው። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ተመሳሳይ ሥራ በተፈጥሮ ይከናወናል፤ በደንብ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ለሕፃናት የሚዘጋጅ ያልቦካ ገንፎና አጥሚት ይህ ጥቅም የለውም። እህልንና ጥራጥሬን መዘፍዘፍና ማብቀል ፋይቴቱን ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በኋላ የሚጠጣ ቡናና ሻይ የብረትን መቀበል ሲያውክ፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ያግዙታል። ሥጋ፣ ጉበት፣ እንቁላልና ወተት በጾም ወቅት ከቤት ስለሚጠፉ የሕፃናት ድርሻም አብሮ እንዳይጠፋ እናቶችን መምከር ተገቢ ነው።

ሳንጃ፦ ከብረት እጥረት ሌላ ምን አለ?

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ስትሆን ከጎንደር በስተሰሜን 65 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ነው። አካባቢው ማሽላና ሰሊጥ የሚመረትበት፣ ወባ የሚከሰትበትና ካላዛር ከሚታይበት የመተማና ሁመራ ቆላ ጋር የሚዋሰን ነው። ቢልሃርዝያም በሰፊው ይገኛል፤ በ2014 የታተመ ጥናት በሳንጃ ከተማ ከተመረመሩ ከ10 ተማሪዎች 8 ያህሉ ሺስቶሶማ ማንሶኒ እንደነበረባቸው አሳይቷል።

በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ሕፃን ሁኔታ ከአሳማ ግልገሉ እጅግ ይለያል። የደም ማነሱ ምክንያት አንድ አይደለም። ወባ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል፤ የመቅኒውንም ሥራ ያዳክማል። መንጠቆ ትል ከአንጀት ደም ይመጣል፤ አንኪሎስቶማ የተባለው ዓይነት አንድ ትል ብቻ በቀን ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ሊያሳጣ ይችላል። ቢልሃርዝያ በአንጀት የደም መፍሰስን፣ በቆየ ጊዜም የጉበትና የጣፊያ ማበጥን ያስከትላል። ካላዛር ጣፊያን ያሳብጣል፤ መቅኒን ይወርራል፤ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችንና ፕላትሌትን በአንድነት ያሳንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የቆየ ኢንፌክሽን ራሱ ብረትን ይቆልፋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ምንነቱ የታወቀው ሄፕሲዲን የተባለ የጉበት ሆርሞን፣ ሰውነት በኢንፌክሽን ጊዜ ሲያመርተው ብረት ከአንጀት ሴሎችና ከክምችት ቦታዎች ወደ ደም እንዳይወጣ ያግዳል። ይህ ተሕዋስያን ብረት እንዳያገኙ የሚደረግ ተፈጥሯዊ መከላከያ ነው። በዚህ ጊዜ የተሰጠ የብረት እንክብል ብዙው ሳይገባ በአንጀት ይቀራል፤ በዚያም ጎጂ ባክቴሪያዎችን ሊያራባ ይችላል። እናቲቱ በየቀኑ እየሰጠች የሕፃኑ ሄሞግሎቢን ካልተለወጠ ጥፋቱ የእርሷ ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ያልታከመ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

ብረት ሊጎዳ የሚችልበት ሁኔታ

በታንዛኒያ ፔምባ ደሴት የተካሄደውና በ2006 በላንሴት የታተመው ጥናት የዓለምን አሠራር የለወጠ ነው። ወባ በበዛበት በዚህ ደሴት ከ1 እስከ 35 ወር ዕድሜ ላላቸው ሕፃናት ብረትና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ሲሰጥ፣ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት አደጋ በአንድነት ሲቆጠር ካልተሰጣቸው ይልቅ በ12 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በጥናቱ ውስጥ በቅርብ ክትትል ሥር የነበሩ፣ ወባቸው ተመርምሮ የታከመላቸውና የብረት እጥረት የነበረባቸው ሕፃናት ግን ተጠቅመዋል። ከዚያ በኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶችም የወባ መከላከያና ሕክምና በተሟላበት ቦታ ብረት የወባን አደጋ እንደማይጨምር አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ በወባማ አካባቢዎች ለሕፃናት ብረት የሚሰጠው ወባን ከመከላከል፣ ከመመርመርና ከማከም ጋር ተቀናጅቶ መሆን እንዳለበት ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው አደጋ በከፍተኛ የምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ የሚደርስ ነው። በመጀመሪያው የማረጋጊያ ደረጃ ብረት አይሰጥም፤ ኤፍ-75 የተባለው ወተትም ብረት የለውም። ሕፃኑ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ ክብደት መጨመር ሲጀምር ብረት ይጀመራል። ፕላምፒ ነት የሚመገብ ከሆነ ግን ምግቡ ራሱ ብረት ስላለው ተጨማሪ አያስፈልግም።

ሦስተኛው አደጋ መመረዝ ነው። በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 60 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ ብረት በአንድ ጊዜ መዋጥ ሕይወትን የሚያሰጋ መመረዝ ያስከትላል። ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጠው አንድ እንክብል 60 ሚሊ ግራም ያህል ንጹሕ ብረት አለው። ስለዚህ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን እናቱ ከወሰደቻቸው እንክብሎች 10 ያህሉን ቢውጥ ለሞት ሊዳረግ ይችላል። እንክብሉ ከረሜላ መሳይ በመሆኑ ከሕፃናት እጅ ርቆ እንዲቀመጥ መንገር የእያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል አካል ሊሆን ይገባል።

ሄሞግሎቢንን በከፍታ ቦታ ማንበብ

የከፍታ ቦታ ነዋሪ አየሩ ስስ ስለሆነ ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ይላል። በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ1,500 እስከ 1,999 ሜትር ከፍታ ላይ ከተለካው መጠን 1.1፣ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር 1.4፣ ከ2,500 እስከ 2,999 ሜትር ደግሞ 1.8 ግራም በዴሲ ሊትር እንዲቀነስ ያዛል። ለምሳሌ በሳንጃ የ3 ዓመት ሕፃን ሄሞግሎቢን 11.6 ቢለካ፣ ሲስተካከል 10.5 ይሆናል። ለዚህ ዕድሜ ወሰኑ 11.0 ስለሆነ ሕፃኑ የደም ማነስ አለበት ማለት ነው። ማስተካከያው ካልተደረገ ግን ጤነኛ ተብሎ ይሰናበታል።

ይሁንና ለሰሜን ጎንደር ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ነዋሪዎች ከከፍታው ጋር የተላመዱት ደማቸውን በማብዛት አይደለም። ስለዚህ ለደጋው ነዋሪ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይገባም፤ የእጅ መዳፍና የዓይን ሽፋን መገርጣት፣ የሕፃኑ አመጋገብና የበሽታ ታሪክ አብረው ሊታዩ ይገባል።

ለጤና ባለሙያው የሚበጅ አሠራር

የገረጣ ሕፃን ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይረዳል።

1. ክብደት፣ ቁመትና የክንድ ዙሪያ ይለካ፤ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ከሆነ በዚያው መመሪያ ይታከም።

2. የወባና የሰገራ ምርመራ ይደረግ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየና ጣፊያው ያበጠ ከሆነ ካላዛር ይጠርጠር፤ ምርመራው ወደሚገኝበት ተቋምም ይላክ።

3. የተገኘው በሽታ ይታከም። ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንትል በኪሎ ግራም 40 ሚሊ ግራም፣ ለሆድ ትላትል አልቤንዳዞል ይሰጣል፤ የአልቤንዳዞል መጠን ከ12 እስከ 23 ወር 200፣ ከ2 ዓመት በላይ 400 ሚሊ ግራም ነው።

4. ለሕክምና የሚሰጠው ብረት በቀን በኪሎ ግራም 3 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ለ3 ወር ነው። በመለያው ላይ የተጻፈው የፌረስ ሰልፌት ክብደት ከንጹሕ ብረቱ እንደሚለይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

5. ከ4 ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢን ይለካ። ቢያንስ 1 ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ ሕክምናው እየሠራ ነው። ካልጨመረ መድኃኒቱ በአግባቡ መወሰዱ ይጠየቅ፤ ያልታከመ በሽታም ይፈለግ።

6. ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ከሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይውሰድ፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም።

7. ለእናቲቱ ስለ ምግብ አዘገጃጀት፣ ስለ አጎበር አጠቃቀምና ሕፃናትን ከወንዝ ውሃ ስለመጠበቅ ምክር ይሰጥ።

ማጠቃለያ

የአሳማ ግልገል በአንድ የብረት መርፌ ደሙም እድገቱም የሚስተካከለው የጎደለው ብረት ብቻ ስለሆነ ነው። በሳንጃ ጤና ተቋም ደጃፍ የሚጠብቀው ሕፃን ግን ብረት ጎድሎት፣ ወባ ይዞት፣ ቢልሃርዝያ ደሙን እያፈሰሰ፣ ዚንክ የሌለው ገንፎ እየተመገበ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ እንክብሉ የሕክምናው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ደሙ የሚሻሻለው ብረት ሲሰጠውና የሚያፈሰው በሽታ ሲታከም ነው። ቁመቱ የሚያድገው ደግሞ ዚንክን ጨምሮ የተሟላ ምግብ ሲያገኝና ከተደጋጋሚ ሕመም ሲጠበቅ ነው። ስለዚህ የብረት እንክብል ከመታዘዙ በፊት የወባና የሰገራ ውጤት መታየቱ፣ ከታዘዘ በኋላም ከአንድ ወር ቀጠሮ ጋር መሰጠቱ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊፈጸም የሚችል፣ የብዙ ሕፃናትንም ሕይወት የሚጠብቅ አሠራር ነው።